ኤክሴል ስህተት ሲጻፍበት በአማርኛ እንዲያስጠነቅቅ ማድረግ፦ ለመጋዘን መዝገብ የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

ባለፈው ጥር ፍኖተ ሰላም አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበርኩ። ውቂያ ያለቀበት ሰሞን ስለሆነ ከጠዋት እስከ ማታ እህል ይገባል። መዝገብ የምትይዘው ልጅ 45 ኩንታል በቆሎ ብላ መጻፍ ሲገባት 450 ብላ አለፈች። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ አልገጥም አለ። መብራትም ሄደ። በስልክ ባትሪ ጆንያ ስንቆጥር አመሸን።

በማግስቱ ፋይሉ ላይ የማስጠንቀቂያ ሳጥን ሠራሁላቸው። ሳምንት ሳይሞላ ያው ስህተት ተደገመ። ሳጥኑ በሰዓቱ ወጥቷል። ግን ጽሑፉ ኤክሴል ራሱ የሚያመጣው እንግሊዝኛ ነበር፤ ኢንተር ሲጫኑት ደግሞ ዝም ብሎ የሚያሳልፈውን ዓይነት ነበር የመረጥኩት። «ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ሲቆጣኝ እሺ አልኩት» አለችኝ። እውነቷን ነው። ምን እንደተሳሳተች፣ ምን ማድረግ እንዳለባት የሚነግራት አንድም ቃል አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ከቡሬም ከዳንግላም ከባሕር ዳርም ተመሳሳይ ጥያቄ መጣልኝ። ሁሉም ሳጥኑን ማውጣት ችለዋል፤ የሚቸግራቸው ሰው እንዲያነበውና እንዲያርም ማድረጉ ነው። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለዚያ ነው። ኮድ መጻፍ አያስፈልግም። የኤክሴል «ዳታ ቫሊዴሽን»፣ ማለትም ሴል ውስጥ የሚጻፈውን በደንብ የሚፈትሸው መሣሪያ፣ ይበቃናል። ሊብሬኦፊስ የምትጠቀሙ ከሆነ «ዳታ» ውስጥ «ቫሊዲቲ» የሚለውን ፈልጉ፤ አሠራሩ ተቀራራቢ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሀ. ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ።

ሚዛን ላይ የሚቆመውን ሰው ጠይቁ። በአንድ ጊዜ የሚገባው ትልቁ ጭነት ስንት ኩንታል ነው? ትንሹስ? የምትቀበሏቸው እህሎች የትኞቹ ናቸው? በአህያ ጭኖ የሚመጣ ገበሬ ግማሽ ወይም አንድ ኩንታል ያራግፋል። አይሱዙ ከመጣ ግን ቁጥሩ 50 እና 60 ይደርሳል። እኛ ከ0.25 እስከ 60 ብለን ወሰንን። የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ይህን በግምት አትለፉት። እኔ መጀመሪያ ጣሪያውን 40 አድርጌው ነበር። አይሱዙ በገባ ቁጥር ሳጥኑ ይወጣል። በሦስተኛው ቀን የሚያነበው ሰው ጠፋ። ያለ ምክንያት ደጋግሞ የሚጮህ ሳጥን እውነተኛው ስህተት ሲመጣም አይሰማም።

ለ. ፋይሉን ኮፒ አድርጉ።

በዋናው መዝገብ ላይ አትለማመዱ። ኮፒውን «ኤክሴል ወርክቡክ» በሚለው ዓይነት ሴቭ አድርጉት። «ሲኤስቪ» በሚባለው ዓይነት ከተቀመጠ የምትሠሩት ሁሉ ፋይሉ ሲዘጋ ይጠፋል።

ሐ. የአማርኛ ጽሕፈታችሁን ፈትሹ።

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በየቢሮው በድሮው ዓይነት የግዕዝ ፎንት የሚጻፍ አለ። ሴሉ ላይ አማርኛ ሆኖ ይታያል፤ የመልእክት ሳጥን ውስጥ ሲገባ ግን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ይሆናል። ምክንያቱ ሳጥኑ የሚጠቀመው የዊንዶውስን ፎንት መሆኑ ነው፤ እናንተ የመረጣችሁትን ፎንት አያውቅም።

መፈተሻው ቀላል ነው። ዴስክቶፕ ላይ አዲስ ፎልደር ክፈቱና ስሙን በአማርኛ ጻፉ። «በቆሎ» ብላችሁ «በቆሎ» ብሎ ከታየ ጽሕፈታችሁ ዩኒኮድ ነው፣ ማለትም ፎንት ቢቀየርም ፊደሉ አማርኛ ሆኖ ይቀራል፤ ቀጥሉ። ዝብርቅርቅ ካለ ኪይማንን የመሰለ የዩኒኮድ ኪቦርድ ጫኑ፣ ወይም ፓወር ግዕዝ ካላችሁ ወደ ዩኒኮዱ ቀይሩት። በፊደሉ ፈንታ ባዶ አራት ማዕዘን ከታየ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፤ ማሽኑ ላይ የግዕዝ ፎንት የለም ማለት ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ የግዕዝ ፎንት ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ይህ በአብዛኛው የሚያጋጥማችሁ በአሮጌ ኤክስፒ ማሽን ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ሠንጠረዡን አሰናዱ

በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ርዕሶቹን ጻፉ። ኤ ተራ ቁጥር፣ ቢ የአስረካቢ ስም፣ ሲ የእህል ዓይነት፣ ዲ ኩንታል፣ ኢ ቀን፣ ኤፍ ወር፣ ጂ ዓመት። ቀኑን ለምን በሦስት እንደከፈልኩት ደረጃ 6 ላይ ታገኙታላችሁ። አሁን ዝም ብላችሁ ክፈሉት።

ደረጃ 2፦ ሴሎቹን መርጣችሁ መስኮቱን ክፈቱ

1. ዲ2 ላይ ክሊክ አድርጉ።
2. ወደታች ውረዱና ሺፍትን ይዛችሁ ዲ1000 ላይ ክሊክ አድርጉ። መሐል ያለው ሁሉ ይመረጣል።
3. ከላይ «ዳታ» የሚለውን ክፈቱ።
4. «ዳታ ቫሊዴሽን» የሚለውን ጫኑ።

ሦስት ገጽ ያለው መስኮት ይመጣል፦ «ሴቲንግስ»፣ «ኢንፑት ሜሴጅ» እና «ኤረር አለርት»።

ቁልፉ ደብዝዞ አልጫን ካለ፦ ወይ ሴል ውስጥ እየጻፋችሁ ነው፤ ኢስኬፕ ተጫኑ። ወይ ሺቱ ተቆልፏል፤ «ሪቪው» ውስጥ ገብታችሁ «አንፕሮቴክት ሺት» በሉ። ወይም ፋይሉ በድሮው መንገድ ለብዙ ሰው ሼር ተደርጓል፤ ሼሩን አንሱና ሠርታችሁ መልሱት።

ደረጃ 3፦ ደንቡን ስጡ

«ሴቲንግስ» ገጽ ላይ፦

1. «አላው» ከሚለው ሥር «ዴሲማል»ን ምረጡ። «ሆል ነምበር» ካላችሁ 12.5 ኩንታል አይቀበልም፤ ግማሽ ኩንታል ደግሞ በየሰዓቱ ይመጣል።
2. «ዳታ» ከሚለው ሥር «ቢትዊን» ይሁን።
3. «ሚኒመም» ላይ 0.25፣ «ማክሲመም» ላይ 60 ጻፉ።

«ኦኬ» ለማለት አትቸኩሉ። በዚሁ መስኮት ወደ ሁለተኛው ገጽ እለፉ።

ደረጃ 4፦ ቀድሞ የሚወጣውን መልእክት ጻፉ

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ሰውየው ሴሉ ላይ ገና ሲቆም ቢጫ ወረቀት የመሰለ ትንሽ ማስታወሻ ይወጣለታል። ገና ምንም ስላልጻፈ የሚቆጣው የለም።

1. «ኢንፑት ሜሴጅ» ገጽን ክፈቱ። ከላይ ያለው ምልክት እንዳልጠፋ እዩ።
2. «ታይትል» ላይ፦ «የኩንታል ብዛት»።
3. ከሥሩ፦ «ቁጥር ብቻ ይጻፉ፤ ለምሳሌ 12.5። ኩንታል የሚለውን ቃል አይጨምሩ። ከሚዛን ወረቀቱ ላይ ይገልብጡ።»

«ኩንታል የሚለውን ቃል አይጨምሩ» ማለቴ በምክንያት ነው። «45 ኩንታል» ብሎ የሚጽፍ ብዙ ነው። ኤክሴል ያንን እንደ ቁጥር አያየውም። ቃል ነው ብሎ ይጥለዋል፤ ድምር ውስጥም አይገባም።

ርዕሱ ከ32 ፊደል ማለፍ የለበትም፤ ክፍተትም ይቆጠራል። ለመልእክቱ 255 ይፈቀዳል። በአማርኛ አንድ ፊደል አናባቢውን ይዞ ስለሚቆጠር ቦታው ከሚመስለው በላይ ያስጽፋል። እኔ ግን ከሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር አላልፍም። የተቸኮለ ሰው፣ ከፊቱ ሰልፍ የቆመበት ሰው፣ ከዚያ በላይ አያነብም።

ማስታወሻው የጎን ሴሎችን ሸፍኖ ካስቸገረ በማውዝ ጎትታችሁ ገለል አድርጉት።

ደረጃ 5፦ የስህተት ሳጥኑን ሥሩ

«ኤረር አለርት» ገጽን ክፈቱ። «ስታይል» በሚለው ሥር ሦስት ምርጫ አለ። እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ፤ እኔ ያበላሸሁት ይህችን ነው።

«ስቶፕ»፦ ቀይ ምልክት አለው። የተሳሳተውን በፍጹም አያስገባም። ከግራ 1ኛው ቁልፍ «ሪትራይ» ነው፤ ለማረም ይመልሳችኋል። 2ኛው «ካንስል» የጻፋችሁትን ሰርዞ የነበረውን ይመልሳል።

«ዋርኒንግ»፦ ቢጫ ሦስት ማዕዘን። ያስጠነቅቃል፤ ውሳኔውን ግን ለሰውየው ይተዋል። ከግራ 1ኛው «ዬስ»፣ የጻፍኩት ይግባ ማለት ነው። 2ኛው «ኖ»፣ ላርም ማለት ነው። ኢንተር ብቻ የተጫነ ሰው «ኖ» እንዳለ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ሳያነብ ማለፍ አይችልም።

«ኢንፎርሜሽን»፦ ሰማያዊ። ነግሮ ያሳልፋል። ኢንተር ከተጫኑ «ኦኬ» ነው፤ ስህተቱም አብሮ ይገባል። የፍኖተ ሰላሙ 450 ሁለተኛ ጊዜ የገባው በዚህ በኩል ነው። ለገንዘብና ለክብደት አትጠቀሙበት።

አንድ ሴል ላይ አንድ ዓይነት ብቻ ነው የሚሠራው። ከ60 በላይ ሲሆን «ዋርኒንግ»፣ ከ200 በላይ ሲሆን «ስቶፕ» ማለት በዚህ መንገድ አይቻልም። መምረጥ ግድ ነው። ለኩንታል የምመርጠው «ዋርኒንግ»ን ነው፤ ተሳቢ ያለው መኪና አንድ ቀን ቢመጣ ሥራው መቆም የለበትም። ለቀን፣ ለወርና ለእህል ዓይነት ግን «ስቶፕ»። በዓለም ላይ 31ኛ የሐምሌ ቀን የለችም፤ የሚከራከርበት ነገር የለውም።

አሁን ጽሑፉ፦

1. «ታይትል»፦ «ኩንታሉን እንደገና ይዩ»። ባዶ ከተዋችሁት «ማይክሮሶፍት ኤክሴል» ብሎ ይወጣል።
2. «ኤረር ሜሴጅ»፦ «የጻፉት ቁጥር አይደለም፣ ወይም ከ60 ይበልጣል፣ ወይም ከ0.25 ያንሳል። የሚዛን ወረቀቱን ይዩ። ለማረም ከግራ 2ኛውን ቁልፍ ይጫኑ። ልክ ከሆነ 1ኛውን።»

ቁልፎቹን በቁጥር የጠራኋቸው ለምን መሰላችሁ? በሳጥኑ ላይ ያሉት የቁልፍ ስሞች እናንተ በምትጽፉት አይቀየሩም። ኦፊሱ እንግሊዝኛ ከሆነ እንግሊዝኛ ሆነው ይቀራሉ። እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው «ከግራ 2ኛው» ሲባል ግን ወዲያው ያገኘዋል። ይህችን ከጨመርኩ በኋላ ነው ልጅቷ ሳጥኑን አንብባ ማረም የጀመረችው።

ሌላም ልብ በሉ። «ዋርኒንግ» ከጽሑፋችሁ ሥር «ይቀጥል?» የሚል የእንግሊዝኛ መስመር በራሱ ይጨምራል። ማጥፋት አይቻልም። እናንተም «ይቀጥሉ?» ብላችሁ አትድገሙት።

መልእክቱ ከ200 ፊደል ባያልፍ ጥሩ ነው። «ስህተት ሠርተዋል!» ብሎ መጀመርም አልወድም። መዝገብ ያዡ ሰው በሰው ፊት ተዘልፎ መቀመጥ የለበትም። ምን እንደሆነና ምን እንደሚደረግ ብቻ ንገሩት፤ በእርስዎ አናግሩት።

አሁን «ኦኬ» በሉ። ፋይሉንም ሴቭ አድርጉ፤ መብራቱ መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም።

ደረጃ 6፦ የእህል ዓይነትና ቀን

የእህል ዓይነት፦ ከሲ2 እስከ ሲ1000 ምረጡ። «ዳታ ቫሊዴሽን» ውስጥ «አላው» ላይ «ሊስት» በሉ። «ሶርስ» ላይ እህሎቹን በተርታ ጻፉ፦ ነጭ ጤፍ፣ ሰርገኛ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ስንዴ፣ ዳጉሳ፣ ገብስ።

ወጥመዱ መለያያው ላይ ነው። እኔ እዚህ ነጠላ ሠረዝ ተጠቅሜያለሁ፤ እናንተ ግን ኤክሴል ላይ የእንግሊዝኛውን ኮማ ተጠቀሙ። በአማርኛ ነጠላ ሠረዝ ከለያችሁት ስድስቱም እህል እንደ አንድ ረጅም ስም ተያይዞ ይወጣል። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እያለ ኮማ ስትጫኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ነጠላ ሠረዙ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ እህል በኋላ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ፣ ኮማ አድርጉ፣ እንደገና ወደ አማርኛ ሂዱ። አሰልቺ ነው፤ ግን አንዴ ብቻ ነው የሚሠራው።

እንዲህ በእጅ የሚጻፍ ዝርዝር ከ255 ፊደል ማለፍ አይችልም። ካለፈ እህሎቹን ሌላ ዓምድ ላይ ወደታች ደርድሩና «ሶርስ» ላይ ቆማችሁ ያንን ዓምድ በማውዝ ምረጡት። ያኔ ኮማም አያስፈልግም።

«ኤረር አለርት» ላይ «ስቶፕ» ምረጡና እንዲህ በሉ፦ «በእጅ አይጻፉ። ከግራ 2ኛውን ቁልፍ ይጫኑ፤ ከዚያ በሴሉ ጎን ባለችው ቀስት ከዝርዝሩ ይምረጡ።»

ወር፦ ይህም «ሊስት» ነው። ከመስከረም እስከ ጳጉሜን 13ቱንም አስገቡ። እዚህ ላይ ሞክሼ ፊደላት ያምሳሉ። ዝርዝሩ «ኅዳር» ብሎ ሰውየው «ህዳር» ብሎ ቢጽፍ ኤክሴል ሌላ ቃል ነው ብሎ ይመልሰዋል። በአማርኛ ሁለቱም ይነበባሉ፤ ለማሽኑ ግን ሀ እና ኀ አይዛመዱም። ሰኔና ሠኔም እንዲሁ። ሳጥኑ «ይምረጡ» ማለቱ ለዚህም ይጠቅማል።

ቀን፦ «ሆል ነምበር»፣ ከ1 እስከ 30፣ «ስቶፕ»።

ዓመት፦ «ሆል ነምበር»፣ ዘንድሮንና አምናን ብቻ የሚፈቅድ፣ «ስቶፕ»።

«አላው» ውስጥ «ዴት» የሚል ምርጫ እያለ ለምን በሦስት ከፈልነው? ያ ምርጫ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2017ን 30/2/2017 ብላችሁ ብትጽፉ ፌብሩዋሪ 30 ቀን የለውም ብሎ ይመልሳችኋል። ሰውየው ትክክል ጽፎ ስህተት ነው ይባላል። ከዚያ የሚብሰው ሳይናገር የሚያልፈው ነው። ኮምፒውተሩ የአሜሪካን የቀን አጻጻፍ ይዞ ከሆነ 5/13/2016፣ ማለትም ጳጉሜን 5፣ ሜይ 13 ተብሎ ይገባል። ሳጥን አይወጣም። ማንም አያውቅም።

የእኛ አሠራር አንድ ቀዳዳ አለው። ጳጉሜን 20 ብሎ ለጻፈ ሰው አይጮህም፤ 20 ከ30 በታች ነውና። ጳጉሜን 5 ቀን ናት፤ 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው፤ እንደ 2015 ማለት ነው፤ ቀጣዩ 2019 ነው። በቀኑ ሴል «ኢንፑት ሜሴጅ» ላይ «ለጳጉሜን ከ1 እስከ 5» ብላችሁ ጨምሩበት።

ደረጃ 7፦ ሆን ብላችሁ ተሳሳቱ

ሳትፈትኑ ለማንም አትስጡ። በተራ እነዚህን ጻፉ፦

1. ዲ2 ላይ 450። ሳጥኑ መውጣት አለበት። «ዬስ» የሚል ቁልፍ ካለበትና ኢንተር ብቻ ስትጫኑ ለማረም ከመለሳችሁ «ዋርኒንግ» በትክክል ገብቷል።
2. ዲ3 ላይ «45 ኩንታል»። መውጣት አለበት።
3. ዲ4 ላይ 12.5። ምንም መውጣት የለበትም። ከወጣ «ሆል ነምበር» መርጣችኋል ማለት ነው።
4. ዲ1000 ላይ 450። ካልወጣ ስትመርጡ መጨረሻው ድረስ አልደረሳችሁም።
5. ኢ2 ላይ 31። «ስቶፕ» መውጣት አለበት።

ከዚያ መዝገቡን የሚይዘውን ሰው አስቀምጡና ያለ እናንተ እርዳታ ይሞክር። ከጎን ቆማችሁ ዝም በሉ። ሳጥኑ ሲወጣ እጁ የት እንደሚሄድ እዩ። ዓይኑ ሳያነብ እጁ ከሄደ ጽሑፉ ረዝሟል፤ አሳጥሩት።

ችግር ሲገጥም

ሳጥኑ ጭራሽ አይወጣም። «ኤረር አለርት» ገጽ ላይ ከላይ ያለው ምልክት ጠፍቶ ይሆናል። መልሱት። ሴሉ ውስጥ ያለው ቁጥር በፎርሙላ የሚመጣ ከሆነም አይወጣም፤ ሳጥኑ የሚያየው በእጅ የተጻፈውን ብቻ ነው።

ኮፒ ፔስት ሲደረግ ዝም ይላል። ይህ ትልቁ ቀዳዳ ነው። ከሌላ ሴል ኮፒ አድርጋችሁ ፔስት ስታደርጉ ቁጥሩ ሳይፈተሽ ይገባል፤ ደንቡም ራሱ ይደመሰሳል። የሴሉን ጥግ ይዞ ወደታች መጎተትም ሳጥኑን አያስነሳም። መዝገብ ያዡን «ኩንታሉን ሁልጊዜ በእጅ ጻፍ» በሉት። ፔስት ማድረግ ግድ ከሆነ «ፔስት ስፔሻል» ውስጥ «ቫልዩስ»ን ይምረጥ፤ ቁጥሩ አሁንም አይፈተሽም፣ ደንቡ ግን ይተርፋል።

ከሳጥኑ በፊት የተጻፉ ስህተቶች አሉ። ሳጥኑ ወደኋላ አያይም። «ዳታ ቫሊዴሽን» ሥር ያለችውን ትንሽ ቀስት ጫኑና «ሰርክል ኢንቫሊድ ዳታ» በሉ። ከደንቡ የወጣው ሁሉ በቀይ ይከበባል። በፔስት የገባውም፣ «ዬስ» ተብሎ ያለፈውም፣ ደንቡ እስካልተደመሰሰ ድረስ፣ አብሮ ይታያል። ፋይሉ ሴቭ ሲደረግ ክቦቹ ስለሚጠፉ መጀመሪያ አርሙ። የፍኖተ ሰላሙ መጋዘን ይህን ማታ ማታ ሒሳብ ከመዝጋቱ በፊት ያደርገዋል፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ባዶ የተተወ ሴል አይያዝም። ዲሊት ተጭኖ የጠፋ ቁጥርም እንዲሁ። ለዚህ ሳጥን አይሆንም፤ ቀለም ይሻላል። «ሆም»፣ «ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ»፣ «ኒው ሩል» ክፈቱ። ሁለተኛውን ዓይነት መርጣችሁ «ብላንክስ» በሉ፤ ቢጫ ቀለም ስጡት። ያልተሞላው ሴል ከሩቅ ይታያል።

ጣሪያውን መቀየር ፈለጋችሁ። ለምሳሌ ከ60 ወደ 80። ከሴሎቹ አንዱ ላይ ብቻ ቁሙ፣ መስኮቱን ክፈቱ፣ 60ውን 80 አድርጉ። ከ«ኦኬ» በፊት «ሴቲንግስ» ገጽ ግርጌ ያለችውን «ተመሳሳይ ደንብ ላላቸው ሁሉ» የምትለዋን ምልክት አድርጉባት፤ ያለበለዚያ የሚቀየረው ያ አንዱ ሴል ብቻ ነው። የመልእክቱንም ጽሑፍ ማደስ እንዳትረሱ። ደንቡ 80 ሆኖ ሳጥኑ «ከ60 ይበልጣል» ካለ መዝገብ ያዡ ማንን እንደሚያምን ግራ ይገባዋል።